የእትዬ ዲግሪ

መምህርቷን ቀናተኛ ነሽ ቢሏት ትጣላለች። እሷ እንደምትለው ቀናተኛ ሳትሆን ትክክለኛ ነገር ወዳድ ናት። ይህ ትክክለኛ ነገር ወዳድነቷ ግን ብድግ የሚለው ሌላ ሰው በተሳካለት ቀን ብቻ ነበር። ጎረቤት አዲስ ሶፋ ሲያስገባ፣ የሥራ ባልደረባዋ እድገት ስታገኝ፣ የአክስቷ ልጅ መልከ መልካም ባል ስታገባ፣ ያኔ «ይሄ ነገር ትክክል ነው እንዴ?» ትላለች። በተረፈው ጊዜ ትክክለኛነቷ ጋደም ብሎ ነው የሚውለው።

ታናሽ እህቷ ከባሕር ማዶ ደውላ «እትዬ፣ እንግሊዝኛ አስተማሪ ሆንኩ» ያለቻት ዕለት ግን ብድግ አለ። ከዚያ በኋላም አልተቀመጠም።

እስቲ ፍረዱ። መምህርቷ እንግሊዝኛ ስታስተምር አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። በአንድ ክፍል ስድሳ ሁለት ተማሪ፣ እግሩ የሚነቃነቅ ጠረጴዛ፣ ደረት የሚሞላ የጠመኔ ብናኝ፣ የማያልቅ የደብተር እርማት። መጽሐፍ ለአምስት ተማሪ አንድ ስለሚደርስ ሰሌዳው ራሱ መጽሐፍ ነበር፤ መምህርቷ ከጥግ እስከ ጥግ በደቃቅና በሚያምር ጽሕፈቷ ትሞላዋለች፣ ልጆቹም ትንፍሽ ሳይሉ ይገለብጣሉ። ዲግሪዋንም በማዕረግ ነው የያዘችው። ታናሽየዋ ደግሞ አሥረኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ወድቃ «በቃ፣ አስተማሪዎቹም ሰለቹኝ፣ እኔም ሰለቸኋቸው» ብላ የወጣች ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ ቤተሰቡ «ጮሌ» ነው የሚላት፤ የቤት ሥራዋን ሥሪ ሲሏት ሰዉን ሁሉ አስቃ ታመልጥ ስለነበር ነው። መምህርቷ ጠረጴዛውን በማስመሪያ እየደበደበች ስንት ክረምት ልታስጠናት ደክማለች። አንድ ቀን ትዕግሥቷ አለቀና «አንቺ ልጅ፣ እጅሽ የተፈጠረው ለመጥረጊያ ነው» አለቻት። ጮሌ እንደ ልማዷ ሣቀች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ቃሉን የሚመልሰው አልተገኘም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ጮሌ እውነትም መጥረጊያ ልትይዝ ወደ አንዲት የባሕር ዳር መዝናኛ ከተማ፣ ወደ ሰው አገር፣ በሆቴል ክፍል አጽጂነት ሄደች።

እንግዲህ አስተማሪ ሆንኩ ያለችው ይህችው ጮሌ ናት።

ሰው በሩቅ ሰው አይቀናም። ከማያውቁት ሀብታም ቤት ስንት መኪና ቢቆም ማን ጨጓራው ይላጣል? ሰው የሚቀናው አንድ አልጋ ላይ አብራው ተኝታ ብርድ ልብሱን እየጎተተችበት ባደገች እህቱ ነው። በዚያ ላይ እማዬ ወሬውን ለሰፈሩ ሁሉ አዳረሰችው። ባለ ሱቁም፣ የልብስ ሰፊው ሚስትም፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛም መምህርቷን ሲያገኟት «እህትሽ አስተማሪ ሆነች አሉ፣ ልክ እንደ አንቺ!» ይሏታል። «ልክ እንደ አንቺ» የምትለዋ ነገር ሆዷ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ይባስ ብሎ መምህርቷ ከዓመት በፊት የዲግሪዋንና የውጤቷን ኮፒ በስልክ ልካ «እባክሽ እዚያ ሥራ ፈልጊልኝ» ብላት ነበር። ጮሌ በደወለች ቁጥር «እየጠየቅኩልሽ ነው እትዬ» ትላታለች። እየጠየቀች ዓመት ሞላው፤ በመሀል ራሷ አስተማሪ ሆና ቁጭ።

መምህርቷን አንገሸገሻት። ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወሰደች፣ ጮሌ የመግቢያ ወረቀቷን ጨረሰችላት፣ ኦርጅናል ዲግሪዋን በፕላስቲክ ማኅደር አድርጋ በደረቷ ይዛ ሄደች።

ከተማዋ ለጎብኚ የተሠራች ናት። ሆቴሎቹ ትከሻ ለትከሻ ተገጣጥመው ፊታቸውን ወደ ባሕሩ፣ ጀርባቸውን ወደ ሠራተኛው አዙረዋል። ከፊት ለፊት ጃንጥላ፣ የዋና ልብስ መደብር፣ በአየር የተነፋ የፕላስቲክ ዳክዬ፣ ድንጋዩ ላይ የሚንኳኳ የሻንጣ ጎማ። ከኋላ ደግሞ የሠራተኛ በር፣ የቆሻሻ ገንዳ፣ ከላውንደሪ የሚወጣ እንፋሎት። ጮሌ የምትኖረው ከኋላ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለት የብረት አልጋ፣ ባለ አንድ ዓይን ምድጃ፣ አንድ መስኮት። አንገትን ወደ ግራ ጠምዘዝ ካደረጉት በሁለት ግድግዳ መሀል የጣት ስፋት ያለው ባሕር ይታያል። ጮሌ በመስኮቱ በኩል ያለውን አልጋ ለእህቷ ለቀቀችላት፤ አንሶላውንም እንደ ሆቴል አልጋ ወጥራ አነጠፈችው።

ከአውቶቡስ መናኸሪያው ወደ ቤት ሲሄዱ ግን አንድ ነገር ሆኖ ነበር። አንድ ባለ ዩኒፎርም የሆቴል በረኛ ከመንገዱ ማዶ «ቲቸር!» ብሎ ተጣራ። መምህርቷ አሥራ ስድስት ዓመት የለመደችው ነገር ነውና ቀና ብላ ፈገግ አለች፣ እጇንም አነሳች። ሰውየው ግን በአጠገቧ አልፎ የጮሌን እጅ ጨበጠ። ትንሽ እንደሄዱ አንዲት ሻሽ ያሰረች የላውንደሪ ሠራተኛ ደግሞ ከበር ላይ ሆና «ቲቸር!» አለች። መምህርቷ አሁንም ዞረች። በሦስተኛው ጊዜ አልዞርም ብላ ምላ አንገቷን አደረቀች፤ አንገቷ ግን አልሰማትም። ጮሌ ይህን አይታ ከንፈሯን ነክሳ ሣቋን ዋጠችው። መምህርቷ የተዋጠውንም ሣቅ ቆጠረችው።

በማግሥቱ ሥራ ፍለጋ ተጀመረ። አንዱ ትምህርት ቤት ወረቀቷን ሳይገልጥ ፓስፖርቷን አየና እንግሊዝኛን ከእናት ጡት ጋር የጠጡ ሰዎች ብቻ ነው የምንፈልገው አላት። ሌላው በጎብኚ ወቅት ተመለሺ አለ። ሦስተኛው ደግሞ ፎቶዋን አንስቶ እንደውልልሻለን አለና ስልክ ቁጥሯን ሳይጠይቃት ሸኛት። ማታ ማታ ጮሌ «አይዞሽ፣ ነገ ሌላ እንሞክራለን» ትላታለች። «አንቺ የምትሠሪበትስ?» ስትላት ግን ዓይኗን ወደ ምድጃው ታዞራለች። ቦታ የለም፤ ዳይሬክተሯ ቁጡ ናት፤ ወቅቱ አይደለም። አንድ ቀን ቦታ የለም፣ አንድ ቀን ቁጡ ናት፣ አንድ ቀን ሁለቱም።

ሁለት ሳምንት እንዳለፈ መምህርቷ ጮሌ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት ደጃፍ ስታልፍ በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየች። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ይፈለጋል ይላል።

ያኔ ነገሩ ሁሉ ግልጽ ሆነላት። ጮሌ ምቀኛ ናት። እህቷ መጥታ እንዳትበልጣት ፈርታ በሩን ዘግታባታለች። የሚገርመው መምህርቷ ይህን ስታስብ ልቧ ቀለል አላት፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ውስጧን ሲበላ የሰነበተው ነገር ከእሷ ወጥቶ እህቷ ላይ ሲያርፍ ታያት። ቀናተኛዋ ሌላ ሰው ሆነች፣ እፎይ። ማስታወቂያውን ደግማ አነበበችና ማኅደሯን አስተካክላ ደረጃውን ወጣች።

ትምህርት ቤቱ ከዋና ልብስ መደብር በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። የሚማሩት የሆቴል ሠራተኞች ናቸው፤ አስተናጋጆች፣ በረኞች፣ የላውንደሪ ሴቶች፣ ከሥራ ሰዓታቸው በፊት አንድ አንድ ሰዓት። ዳይሬክተሯ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ቁርጥ ቁርጥ አድርጋ የምትናገር ሴት ናት። ቁጡ አይደለችም። መምህርቷን አስቀመጠች፣ ውኃ ሰጠቻት፣ የጮሌ እህት መሆኗን ስትሰማ ፊቷ በራ። ዲግሪውን ከማኅደሩ አውጥታ አየችው። ደግማ አየችው። ከዚያ ተነስታ የብረት ቁም ሳጥን ከፈተችና አንድ ፋይል አምጥታ ከጎኑ ዘረጋችው።

በፋይሉ ውስጥ የነበረው የዚያው የመምህርቷ ዲግሪ ኮፒ ነው። ማኅተሙ ያው፣ ቁጥሩ ያው። በጉርድ ፎቶው ላይ የሃያ ሦስት ዓመቷ መምህርት አፍጥጣለች፤ እህትማማች ደግሞ በጉርድ ፎቶ ሁሌም አንድ ነው። ከሥር በጮሌ የተንጋደደ የእጅ ጽሕፈት አንድ ማስታወሻ አለ። በአገራችን ሰው የቤት ስምና የትምህርት ቤት ስም አለው፣ ፓስፖርቴ ላይ ያለው የቤት ስሜ ነው፣ የአባቴንና የአያቴን ስም ብታዩ አንድ ነው ይላል። ነገሩ ለሰው አገር ሰው አሳማኝ ነው፤ የአባትና የአያት ስም እውነትም አንድ ነው።

ዳይሬክተሯ ግን ምንም አልጠረጠረችም። «ጥሩ አደረግሽ» አለች፤ «እህትሽን ኦርጅናሉን አምጪ እያልናት ስድስት ወራችን ነው፤ አገር ቤት ነው ያለው ትለናለች። የሥራ ቢሮ ሰዎች በዚህ ወር ለቁጥጥር ይመጣሉ። ይዘሽላት መጣሽ ማለት ነው?»

አዎ ብትል ያልቅ ነበር። አንዲት ቃል ናት። ዳይሬክተሯ ኦርጅናሉን አይታ ትመልስላት፣ ቁጥጥሩም ያልፍ፣ ጮሌም በቦታዋ ትቀጥል፣ መምህርቷም ማታ እቤት ደርሳ እህቷን በጥፊ አጩላ ልቧ እስኪወጣ ትሰድባት ነበር። መምህርቷ አፏን ከፈተች። አዎ ልትልም ነበር፤ ይህን ለፍትሕ ስል እናገራለሁ።

ዳይሬክተሯ ግን ዝም አላለችም። ጣቷን በውጤቱ ወረቀት ላይ እያስኬደች «እውነቴን ነው የምልሽ፣ እንደ እህትሽ ያለ አስተማሪ እዚህ ቤት መጥቶ አያውቅም። ይህን ውጤት ላየ ግን ምን ይገርማል?» አለች። ጣቷ ያረፈበትን ውጤት መምህርቷ ታውቀዋለች። ለእሱ ስትል ዓመት ሙሉ ዶርም ውስጥ ተዘግታ፣ ጓደኞቿ ሲዝናኑ ዓይኗ እስኪቀላ አንብባለች። በዚያችው ቅጽበት ከግድግዳው ማዶ የጮሌ ክፍል በሣቅ አወካ። አሥራ ስድስት ዓመት ስታስተምር በመምህርቷ ክፍል እንዲህ ተሥቆ አያውቅም።

«አይ» አለች። «ይሄ የእኔ ነው።»

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል። መምህርቷ ዘንዶውን አውጥታ ጠረጴዛ ላይ አስተኛችው። ዳይሬክተሯ መነጽሯን አወለቀች፣ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀቻት። ሁለቱንም ጊዜ እርግጠኛ ነበረች። ትምህርቱ ሲያልቅ ጮሌ ጣቷን በማርከር ቀለም አቅልማ እየሣቀች ገባች። እህቷን አየች፣ ማኅደሩን አየች፣ የተዘረጋውን ፋይል አየች። ሣቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ።

«አገኘሽው?» አለች፣ በራሳቸው ቋንቋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ዳይሬክተሯ ጨካኝ አልነበረችም፤ ግን ቁጥጥር እየመጣ ምን ታድርግ? ጮሌ የዚያኑ ቀን ወጣች። የሁለት አስተማሪ ቦታ ክፍት ሆኖ ከሚቀር አንዱን ትክክለኛ ወረቀት ላላት ሰው መስጠት ይሻላልና መምህርቷ ለሰኞ ተቀጠረች። የፈለገችውን አገኘች ማለት ነው።

ወደ ቤት ስትሄድ መንገዱን ሙሉ ክርክሯን አዘጋጀች። የተበደልኩት እኔ ነኝ። የተሰረቀው የእኔ ስም ነው። እውነቷን ነው፤ ተበድላለች፣ ይህን ማንም አይክዳትም። ችግሩ ጮሌ አለመከራከሯ ነው። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን እየፈታች እንዲህ አለች፦

«ለአንቺ ብዬ ነበር የሄድኩት። እውነቴን ነው፣ ወረቀትሽን ይዤ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩላት። አስተማሪዋ መቼ ትመጣለች አለችኝ። ከሦስት ወር በኋላ ስላት እኔ ለሰኞ ነው የምፈልገው ብላ ወረቀቱን ልትመልስልኝ ስትል፣ እኔው ነኝ አልኳት። በቃ፣ ከአፌ ወጣ። እንግሊዝኛውን እንደሆነ ከሆቴሉ እንግዶች ለቅሜዋለሁ። ከዚያ ሰኞ መጣ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስትቀኚ ፊትሽ ያስፈራኛል እትዬ።»

«እኔ? በአንቺ?» አለች መምህርቷ። የዚያን ያህል ተቆጥታ አታውቅም። ሰው ውሸት ሲሉት እንዲህ አይቆጣም።

ጮሌ የስም መጥሪያውን መዝገብና የማርከሩን ሳጥን ከቦርሳዋ አውጥታ በእህቷ አልጋ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች እንደሚባለው ለአሥራ ስድስት ዓመት መምህርት ማስተማር ትነግራት ጀመር። ባለ ሻሿ የላውንደሪ ሴት በማሽኑ ጩኸት የግራ ጆሮዋ ደንቁሯል፣ በመስኮቱ በኩል አስቀምጫት። በረኛው ዓይን አፋር ነው፣ መጀመሪያ እሱን አትጠይቂው። ትልቅ አድርገሽ ጻፊ፣ የነዚህ ሰዎች ዓይን በእንፋሎትና በበረኪና አልቋል። መምህርቷ «እኔ ስድሳ ሁለት ተማሪ በአንድ ክፍል ያስተማርኩ ሰው ነኝ» ብላ አቋረጠቻት። ጮሌም መብራቱን አጥፍታ ተኛች። ጠዋት ከአልጋ ሥር የድሮውን የጽዳት ዩኒፎርሟን አውጥታ አራገፈችና «እጄ ለመጥረጊያ ነው የተፈጠረው ብለሽ አልነበር?» ብላ ሣቀች። ሣቁ ውስጥ ምንም ክፋት አልነበረበትም። መምህርቷ ፈልጋ አጣች።

ሰኞ ክፍሉ ውስጥ አሥራ አራት ሰው ጠበቃት። መምህርቷ እንደ ሙያዋ ሰሌዳውን ከጥግ እስከ ጥግ በዚያች ደቃቅና ውብ ጽሕፈቷ ሞላችው። ትልቅ አድርጊ ስለተባለች እንዲያውም ከወትሮው ትንሽ አደቀቀችው መሰለኝ። ባለ ሻሿን በመስኮቱ በኩል አላስቀመጠቻትም፤ እንደመጣችበት ትቀመጥ። መጀመሪያ የጠየቀችውም በረኛውን ነው። በረኛው ተነስቶ ላብ በላብ ሆኖ «ቲቸር የት ሄደች?» አለ። በሁለተኛው ሳምንት አሥራ አራቱ ዘጠኝ ሆኑ። እነዚያም በአክብሮት «ማዳም» ነው የሚሏት። ቲቸር ብሎ የጠራት አንድም ሰው የለም።

ምን ቀረ? ሥራው የእሷ ነው፣ ስሟ በራሷ ፋይል ላይ ነው፣ ጮሌ የሰው አልጋ ታነጥፋለች። ከእንግዲህ ቅናት ምን ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል? ኖረ እንጂ። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ አብረው ወደ ቤት ሲመለሱ ያ በረኛ ከመንገድ ማዶ «ቲቸር!» ይላል፤ በረኪና የምትሸት፣ ዩኒፎርም የለበሰች ጮሌ እጇን ታወዛውዛለች። አፏን ሞልታ ትሥቃለች። መምህርቷ በንጹሕ ኮቷ ከጎኗ ትሄዳለች። ወረቀቷን ከጮሌ ነጠቀች፣ ወንበሯን ነጠቀቻት፤ ያንን ጥሪ ግን በየትኛው ቢሮ አመልክታ ታስመልሰው? የሰው ወርቅ አያደምቅም የሚለው ተረት ትዝ ይላትና የሰው ወርቅ የያዘችው ማን እንደሆነች ይምታታባታል።

አንድ እሁድ ጠዋት እማዬ ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ጮሌ ናት። እማዬ ድምፅዋ ግድግዳ የሚያልፍ ሴት ስለሆነች መምህርቷ እያንዳንዱን ቃል ሰማች። «እንግዲህ ለሰፈሩ ምን ልበል? ማናችሁ ናችሁ የምታስተምሩት?» መምህርቷ ምድጃው ላይ እንዳጎነበሰች ትንፋሿን ያዘች። አሁን ትናገራለች፣ አሁን ስሜን ታጠፋለች ብላ ጠበቀች።

«ሁለታችንም ነን እማዬ» አለች ጮሌ። «እኔ ጠዋት፣ እትዬ ከሰዓት። በይ ለሰፈሩ እንዲሁ በይልኝ።»

መምህርቷን ይህም አስቆጣት። እስቲ አሁን በዚህ ሰው ይቆጣል? አዎ፣ ሰው የማይገባውን ደግነት ሲቀበል ይቆጣል።

የጎብኚ ወቅት ሲቃረብ የጮሌ ሆቴል አንድ ትእዛዝ አወጣ። እንግዶች ከክፍል አጽጂዎቹ ጋር መግባባት አቃተን ብለው ስላመለከቱ አጽጂዎቹ በሙሉ እንግሊዝኛ ይማሩ፣ ማንም አይቀር የሚል ነው። የስም ዝርዝሩ ለትምህርት ቤቱ ተላከ። መምህርቷ መዝገቡን ይዛ ክፍል ገባች፣ እንደ ወትሮዋ ሰሌዳውን ሞላች፣ ከዚያ ስም መጥራት ጀመረች። ከአዲሶቹ ስትደርስ ምላሷ ተያዘ። መዝገቡ ላይ የእህቷ ስም ተጽፏል፤ አጠገቡ የአባታቸው፣ አጠገቡ የአያታቸው። በመጨረሻው ወንበር ላይ ጮሌ በዩኒፎርሟ፣ አዲስ ደብተር ገልጣ፣ እጇን በሥርዓት ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ሆቴሉ ማንም አይቀር ብሏልና መጥታለች። መምህርቷ ስሟን ጠራች። ጮሌም እንደ ማንኛውም ተማሪ እጇን አነሳች።

ትምህርቱ ስለ ፎጣ ነበር። እንግዳው ፎጣዬ እርጥብ ነው ቢልሽ ምን ትመልሺለታለሽ? መምህርቷ ወደ ሰሌዳው አመለከተች፤ መልሱ እዚያ ላይ ነው፣ በሦስተኛው ዓምድ፣ ከላይ በአሥራ አንደኛው መስመር። ማንም አልመለሰም። ደግማ ጠየቀች። ባለ ሻሿ ደኅናውን ጆሮዋን ወደ እሷ ለማዞር አንገቷን ጠመዘዘች። በረኛው ዓይኑን አጥብቦ ሰሌዳውን ያያል። ከዚያ አንድ በአንድ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ጭንቅላቶቹ ሁሉ ወደ ኋላ ወንበር ዞሩ።

ጮሌ ያንን መልስ በየቀኑ ለስንት እንግዳ ስትመልስ ኖራለች። አሁን ግን ደብተሯ ላይ ተደፍታ ትጽፋለች። በረኛው በሹክሹክታ ጠራት፤ አልሰማችም። ከጎኗ ያለችው አጽጂ በክርኗ ጎሸመቻት፤ ጮሌ ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ እኔም አላውቀውም እንደማለት አለች።

መምህርቷ ይህን አየች። እያወቀች ዝም እንዳለችላት ገባት። ለእሷ ስትል፣ በነዚህ ሰዎች ፊት፣ አሥረኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ የወደቀችዋ ጮሌ እንደገና ለመውደቅ ተስማምታለች። ያኔ መምህርቷ ቀናች። እስከዚያ ቀን ከቀናችው ሁሉ ይህኛው በለጠ። እንግሊዝኛውን ተምራው ነበር፣ ሣቁንም ሰው ቢጥር ይለምደው ይሆናል። ይህን ግን በምን ማዕረግ፣ በስንት ዓመት ንባብ ያገኙታል?

«ጮሌ» አለች በቋንቋቸው። «ንገሪያቸው።»

ጮሌ ተማሪ እንደሚያደርገው ብድግ አለች። እህቷን አየቻት።

«ቲቸሯኮ አንቺ ነሽ፣ እትዬ።»

ከዚህ ሁሉ ንግግር ተማሪዎቹ የገባቸው አንዲት ቃል ብቻ ናት። ቲቸር የምትለዋን ሰምተው፣ ጮሌ የምታየው ወዴት እንደሆነ አይተው፣ ወደ ኋላ ዞረው የነበሩት ጭንቅላቶች በሙሉ ቀስ ብለው ወደ ፊት ዞሩ። መምህርቷን አዩአት። ጠበቋት።

ቅናቱ ለቀቃት እንዳልላችሁ፤ እስከ ዛሬም አለቀቃትም። እሷ ግን መጥረጊያውን አንስታ ያንን ከጥግ እስከ ጥግ የተሞላ ሰሌዳ በሙሉ አጠፋችው። ባለ ሻሿን ክንዷን ይዛ ወስዳ በመስኮቱ በኩል አስቀመጠቻት። ከዚያ ማርከሩን አነሳችና አንዲቷን ዓረፍተ ነገር ብቻ፣ ፊደሉን መዳፍ አሳክላ፣ ከኋላ ወንበር እንድትነበብ አድርጋ ጻፈች።